ደስ ላለው ሰው ዱላ አይሰጥም

ከማረሚያ ቤት
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለማከብርዎት ለእትዬ ሰብለወርቅ፤ ሰበታ።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ደረጃ የሌለው ቤትና ጭቃ የሌለው መንገድ ይስጥዎት። እኔ በሕይወት አለሁ።

ስልክ ለምን አይደውልም እንዳይሉ። እዚህ የስልኩን ወረፋ የሚቆጣጠረው ወንዳፍራሽ የሚባል እስረኛ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ተሰልፌ ሳለ ከኋላዬ መጣና የግራ እጄን ትንሿን ጣት ይዞ ወደ ኋላ አጠፋት። ስትሰበር ሰማኋት። «ነፍሰ ገዳይ ለማን ይደውላል? ለሟቹ ነው?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ዞሬ በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት። አሥር ቀን ጨለማ ቤት ተቀመጥኩ። ትናንት ወጣሁ።

የምጽፍልዎት ለዚህ አይደለም። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ገርባ መጥተው ነበር። አመክሮዬ በመስከረም ይደርሳል። «ግን ከሶያማ ቤተሰብ ጋር ሳትታረቅ ሱሉልታ ብትገባ አትውልባትም» አሉኝ። የሶያማ ወንድም ቦሩ እንደሚገድለኝ በአደባባይ ምሏል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የደም ዕርቁን፣ ጉማውን ሊያስደርጉ ነው። የእኛን አካባቢ ሥርዓት ያውቁታል፤ ገዳይ ባዶ እጁን መሬት ላይ ይቀመጣል። የሟች ወገን እስኪበቃው ይሰድበዋል፣ ይተፋበታል፣ ቢፈልግ ይመታዋል። ገዳይ ቀና ካለ ወይም እጁን ካነሳ አበቃ። ሽማግሌው የያዘውን ሳር ጥሎ ይነሳል፤ ደሙ ይቀጥላል። ቦሩ ይህን ሲሰማ «ዲሪርሳ ነው የሚቀመጠው? ዲሪርሳን አሳድጌዋለሁ፣ አይቀመጥም» ብሎ ሳቀ አሉ።

እውነቱን ነው። የወንዳፍራሽን አፍንጫ ይጠይቁ።

ፍርድ ቤት የተናገርኩትን እርስዎ አልሰሙም፤ ያን ሰሞን ጉልበትዎን ታመው ነበር። ልንገርዎት። በጓደኛችን በሞቱማ ሰርግ ላይ ሶያማን ስገድለው አልተናደድኩም። ሶያማ ከልጅነቴ ጓደኛዬ ነው። ያን ቀን ጠዋት ቡራዩ በከፈትኩት የብረት በር መሥሪያ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ አስረክቤ ነው ወደ ሰርጉ የመጣሁት። ሙሽራዋ ገባች፤ ጭፈራው ሞቀ። ዱላዬን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩና አዞርኩት። የማየው ሰማዩን ነበር። ጫፉ አንድ ነገር ነካ። ቅል የሰበርኩ መሰለኝ፤ አላቆምኩም። ሁለቴ ዞሬ ነው ያየሁት። ሶያማ ተንበርክኳል። ከጆሮው በላይ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ፊቱ ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም።

ዐቃቤ ሕግ የአባቶቻችንን የድንበር ክርክር አመጣ። እኔ «ደስ ብሎኝ ነው» አልኩ። ዳኛው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት ተፈረደብኝ።

በዘመዶቻችን ውስጥ ሲሰደቡ ዝም ማለት የሚችሉ እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት ነው የሚደረገው? አምስት ወር አለኝ።

እህቴን ገለቴን ይሳሙልኝ። ሱሉልታ ከላሞቿ ጋር ብቻዋን መሆኗ ያሳስበኛል።

ልጅዎ ዲሪርሳ


ሰበታ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ።

አንዷን ጣትህን ያጣመመብህን አምላክ ይይለት፤ የቀሩትን ዘጠኙን ይጠብቅልህ። አፍንጫውን የሰበርከው ሰውም የእናት ልጅ ነውና ይማረው።

እኔ ዝም የምለው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ሥራዬ ነው ያስተማረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሽመና አዳራሽ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አሥራ አንድ ጣትና አንድ እጅ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደሆነና ምን ላይ እንደነበረች በደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለ። ባሏ የሞተባት አንዲት የለችበትም። ከአለቃ ጋር የተጣላች አንዲት የለችበትም። አንዷ ቀለበት ባሰረች ማግስት ነው። ሁለቱ የፋብሪካችን ቡድን ዋንጫ የበላ ቀን ነው። ተረፈችን ታስታውሳታለህ፣ ቀጭኗን? የልጇ ፈተና ውጤት ማለፊያ መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ። ጮኸች፣ ሳቀች፣ እጇን ዘርግታ ጓደኛዋን ልታቅፍ ዞረች። ማሽኑ እስከ አንጓዋ ወሰዳት። እየተወሰደችም «ሰማሽ? አለፈ!» ትል ነበር።

ስለዚህ እኔ አምንሃለሁ። ሌላ ሰው ባያምን አትፍረድበት፤ አዳራሹን አላየም። ያዘነ ሰው ማሽኑን ያያል። የተናደደም ያያል፣ የሚመታውን ስለሚፈልግ። በደስታ የሰከረ ሰው ግን የሚያየው ሩቅ ነው፤ እጁ የት እንዳለ አያውቅም።

ሌላ ዓይነት ደስታ ደግሞ አለ። እነዚያን ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ የሚያንጎራጉሩት ናቸው። ጮክ ብለው አይዘፍኑም፣ ለራሳቸው ብቻ ነው። ሸማው ቀጥ ብሎ ሲወርድላቸው ደስ የሚላቸው። ክር ተበጠሰ ብዬ ብሰድባቸው «እሺ» ብለው ይቀጥላሉ። ጓደኛቸው ብትነካካቸው አይጣሉም። አንድም ጣት አላጡም። እኔ ስድብ የምችለው ከእነሱ ተምሬ ነው።

አንተም እንደዚያ ያለች ነገር ፈልግ። ትንሽ ትሁን። በእጅህ የምትይዛት ትሁን። ሲሰድቡህ ንዴትህን ልያዘው አትበል፤ ንዴት አይያዝም። ያቺን ያዝ።

ገለቴ እሑድ መጥታ አብራኝ ዋለች። ከታች ጽፋልሃለች።

ሰብለወርቅ

ወንድሜ፣ ቡሬ ወለደች። ጥጃው እንዳንተ ግንባረ ትልቅ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይወጋል። ስትመጣ ትተዋወቃላችሁ። ገለቴ


ከማረሚያ ቤት
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ፣ ምክርዎ ከጸሎት እኩል ለደረሰኝ።

ጽሕፈቴ ስለተበላሸ ይቅር ይበሉኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ትንሽ ነገር ፈልግ ብለውኝ ነበር፤ አገኘሁ። ፕላስቲክ ጫማ እበይዳለሁ። ሽቦ ፍም ውስጥ አግዬ የተቀደደውን አቀልጥና አጣብቀዋለሁ። ብረት ከመበየድ ይከብዳል፤ ትንሽ ከዘገዩ ይበሳል፣ ትንሽ ከቸኮሉ አይይዝም። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ውስጤ ፈገግ ይላል። ሳላውቀው አንጎራጉራለሁ። ምን እንደማንጎራጉር አይጠይቁኝ።

ማክሰኞ ወንዳፍራሽ መጣ። አፍንጫው ጠምሟል፤ ሲናገር ያፏጫል።

«በር ሠሪው፣ አሁን ወደ እግር ወረድክ?» አለ።

ዝም አልኩ።

«እህትህ ወተት ትሸጣለች አሉ። ወተቱን ብቻ ነው የምትሸጠው?»

ሽቦውን ከስፌቱ አላነሳሁም። ያን ጊዜ እጄን ረገጠው፤ ሽቦውን የያዝኩበትን ቀኝ እጄን። የጋለው ሽቦ መዳፌ ውስጥ ገባ። የሥጋዬ ሽታ ለራሴ ሸተተኝ። በግራዬ በኩል ሌላ ሽቦ ፍም ውስጥ ቀልቶ ተቀምጧል፤ የወንዳፍራሽ ዓይን ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። እትዬ፣ ሽቦውን አየሁት። ዓይኑንም አየሁት።

ይዤው የነበረው ጫማ የአንድ ሽማግሌ እስረኛ ነው። ተረከዙ ላይ ስፌቱ ግማሽ ደርሷል፤ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይበላሽብኛል የሚል ነው። «እግርህን አንሳ፤ ጫማው ይጎዳል» አልኩት። አነሳ። ለምን እንዳነሳ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

መዳፌ እስከ አጥንቱ ተቃጥሏል፤ ይድናል ይላሉ። ጫማውን በማግስቱ በግራዬ ጨረስኩት።

ለኦቦ ገርባ ይንገሩልኝ። እቀመጣለሁ።

ዲሪርሳ


ሰበታ
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ፣ መድኃኒት ከምትሆን እጅ ጋር እግዚአብሔር ያገናኝህ።

ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ጥሩ ወሬ አለ። ቦሩ ጉማውን እቀበላለሁ ብሏል። ቀኑ መስከረም 20 ነው። ከማረሚያ ቤቱ በር ኦቦ ገርባ በመኪና ይወስዱህና በቀጥታ ወደ ሜዳው ትሄዳላችሁ። የትም አትቆሙም።

ገለቴ ቡራዩ ሄዳለች። ዳቦ ቤት ሥራ አግኝታ ነው። እረፍት ስለማይሰጧት ወደ እኔም አልመጣችም። ደህና ናት።

ጫማህን ቀጥል።

ሰብለወርቅ


ከማረሚያ ቤት
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ክረምቱን በደረቅ ቤት ያሳልፍዎት።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሲጽፉልኝ ሁልጊዜ ሁለት ገጽ ይሞላል። ይኼኛው ግማሽ ነው።

ሁለት ነገር አልገባኝም። ቦሩ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ደም እያለ ኖሮ በአንድ ወር ውስጥ እሺ ያለው ምን አግኝቶ ነው? ገለቴስ ላሞቿን ለማን ትታ ነው ዳቦ ቤት የገባችው? ቡሬ ወልዳለች ብላ የጻፈችልኝ በሚያዝያ ነው። የምታጠባ ላም ትታ የምትሄድ ልጅ አይደለችም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ክፉ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። እዚህ ነኝ፤ በር ተቆልፎብኛል፤ የምመታው ሰው ቢኖር ወንዳፍራሽ ብቻ ነው። አሁን ከሰማሁ አዝናለሁ፤ ካዘንኩ ደግሞ እችለዋለሁ። ሁለት ወር አለኝ፤ ጫማ እየበየድኩ እውጠዋለሁ። ሜዳው ላይ ግን እንዳልሰማው። ከሁሉ በላይ ደስ ብሎኝ ሳለ እንዳልሰማው። ደስ ሲለኝ ምን እንደምሆን ያውቃሉ፤ ደብተርዎ ላይ አለ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ዲሪርሳ


[ይህ ደብዳቤ አልተላከም።]

ሰበታ
ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ፣ ይህን የምታነብበትን ልብ እግዚአብሔር ይስጥህ።

እሺ። እንዳልከው ልንገርህ።

ሰኔ 8 ቀን ማለዳ ገለቴ ወተት ይዛ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ቦሩ ድርቆሽ የሚጭንበትን መኪና አጠገቧ አቆመ። መንሹን ይዞ ወረደ።

«ወንድምሽ በመስከረም ይወጣል አሉ። የእኔስ ወንድም መቼ ነው የሚወጣው?» አላት።

ዝም ብትል ኖሮ። ገለቴን ታውቃታለህ። «ቆፍረህ አውጣው» አለችው።

በእጀታው ሊመታት እንደነበር ይምላል። የመታት ግን በመንሹ ጣቶች ነው። ቀኝ ዓይኗ እዚያው ፈሰሰ። መኪና የሚጠብቁ ሰዎች አንስተው ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ዓይኑን አወጡላት። የቀረውን ሰፉት። ጉንጯም ተቀዷል።

ፖሊስ መጣ። ልትከሰው ነበር። ኦቦ ገርባ ሽማግሌዎቹን ይዘው በሁለቱ ቤት መካከል ሦስት ቀን ተመላለሱ። የተባለው ይህ ነው፦ ዓይኗ ለሶያማ ደም ይታሰብ፤ እሷ ክሱን ትተው፤ ቦሩ ጉማውን ይቀበል። ቦሩ ግድግዳውን በግንባሩ እየመታ አለቀሰ፤ እሺ አለ። እሷን ጠየቋት። ገና ጨርቁ ፊቷ ላይ ነው። «ዓይን ሁለት ነው፤ ወንድም አንድ ነው» አለች።

አየህ፣ ቦሩ ምን አግኝቶ ነው ላልከው መልሱ ይህ ነው።

አሁን ቡራዩ ናት፣ አንተ ለበር ሥራህ በተከራየኸው ግቢ። ኦቦ ገርባ «ከሰማ አይቀመጥም። ይታረቅ፤ ይደር፤ ከዚያ ራሷ ትንገረው» ይላሉ። አንተ ደግሞ አሁን ይንገሩኝ ትላለህ። እሷ ደግሞ «ከነገርሽው ሁለተኛውንም አወጣዋለሁ» ትላለች፤ እየሳቀች ነው የምትለው።

ነገ እልከዋለሁ።

ሰብለወርቅ


ሰበታ
ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ፣ በሰላም ያውልህ።

ምንም ክፉ ነገር የለም። ቦሩ ደክሞት ነው። እናቱ አርጅታለች፤ ሳልሞት ታረቅ ብላ ለምናዋለች። ላሞቹን ጎረቤት ይጠብቃል። አታብዛው።

ገለቴ ከታች ጽፋልሃለች። ቡራዩ ድረስ ሄጄ ነው ያጻፍኳት።

ሰብለወርቅ

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ። መስመሩ የጠመመው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ነው። ተቀመጥና ና። ሌላ ምንም አልፈልግም። ገለቴ


ከማረሚያ ቤት
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ሰበታ መንገድ ያርዝምልዎት።

ምንም የለም ካሉ ምንም የለም። እርስዎ አይዋሹኝም። የገለቴን ጽሕፈት አየሁ፤ ልቤ ተመለሰ።

አመክሮዬ ጸደቀ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስሜን ከጠሩት ውስጥ ሰማሁት። ምን እንደሆንኩ ልንገርዎት፣ ይፍሩልኝ። ዘለልኩ። ቤቱ ውስጥ የሻይ በርሜል ከእሳት ወርዶ እንደተቀመጠ አይቻለሁ፤ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ዘልዬ ስወርድ በክርኔ መታሁት። ጫማውን የበየድኩለት ያ ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቆዳው እንደ ካልሲ ወለቀ። እሱ ሲጮህ እኔ ገና እየሳቅሁ ነበር፤ ጩኸቱን የደስታ መስሎኝ ነው።

እትዬ፣ ወንዳፍራሽ ሦስት ወር ሙሉ ሰድቦኛል፣ ተፍቶብኛል፣ ምግቤን ደፍቷል። ጣቴን አላነሳሁበትም። ያ ሽማግሌ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ስለዚህ ቃል ይግቡልኝ። ስድቡንና ዱላውን እችላለሁ፤ እሱን ለእኔ ይተዉት። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ታረቁ ሲባል፣ እልል ሲባል፣ ሰው ሲጨፍር። ያን ጊዜ እጄ ላይ ምንም ነገር እንዳይኖር። ዱላ ማንም እንዳይሰጠኝ። እርስዎ አጠገቤ ይቁሙ።

ዲሪርሳ


ሰበታ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ፣ አዲሱን ዓመት ከግንብ ውጭ ያድርግልህ።

ለሽማግሌው ቅባት ልኬያለሁ፤ ደብዳቤውን ያመጣልህ ሰው ይዞታል።

ዱላ ማንም አይሰጥህም። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው እጅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ የአንተን አላጣውም።

ሰብለወርቅ


ሰበታ
መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲሪርሳ።

ምርቃት አልጀምርም። አፌ አይገባውም።

ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ጊዜ መጥቼ ልታየኝ አልፈለግህም። ስለዚህ እጽፋለሁ። የሆነውን ታውቀዋለህ፤ እኔ ያደረግኩትን ግን ከእኔ ስማው።

ኦቦ ገርባ «ታኢ፣ ተቀመጥ» አሉህ፤ ተቀመጥክ። ሳሩ እርጥብ ነበር። ቦሩ መጣ፤ ተፋብህ። አባትህን ሰደበ፣ የእናትህን መቃብር ሰደበ። በዱላ ትከሻህን መታህ፤ ሰባት ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ደምህ በሸሚዝህ ወጣ። እናቱ መጥታ ፊትህን በጥፍሯ ቧጠጠችው። አንተ አንገትህን ደፍተህ ታንጎራጉራለህ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁህ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት አዳራሽ አውቀዋለሁ። «ዳነ» አልኩ በልቤ።

ቦሩ ዱላውን ጣለና አለቀሰ። በጉ ታረደ። ሁለታችሁም እጃችሁን ደሙ ውስጥ ነከራችሁ፤ እሱ የአንተን አጠበ፣ አንተ የእሱን። «ነጋ ሃታኡ፣ ሰላም ይሁን» አሉ ኦቦ ገርባ፤ ሳሩን ለሁላችሁም ሰጡ። እልልታው ተነሳ። የቧጠጠችህ አሮጊት ግንባርህን ሳመችህ።

ከዚያ ቦሩ ዱላውን ከመሬት አነሳና እጅህ ላይ አኖረው። «እንካ። ያን ቀን ያቋረጥከውን ጨርስ፤ ጨፍር» አለህ። እየሳቀ ነበር፣ እንባውም ይወርዳል። ዱላውን አየሁት። እጅህ ላይ መሆኑን አየሁ። ቃሌንም አስታወስኩ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አላስታወስኩም። ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም። ሮጥኩ፤ የሁለታችሁንም አንገት አቀፍኩ። «ተመስገን! የገለቴ ዓይን በከንቱ አልፈሰሰም!» አልኩ።

አንተ «የገለቴ ዓይን?» አልክ።

እኔ ገና እስቅ ነበር። ቦሩ አንገቱን ደፋ። ባይደፋ ኖሮ ምናልባት ዋሽተን እናልፈው ነበር።

ሁለት ጊዜ መታኸው። ሁለተኛውን ስትመታው ወድቋል። ድምፁ የቅል ነው፤ እንደ ጻፍክልኝ።

ቦሩ ሐኪም ቤት ነው። አይናገርም። በአፍንጫው ነው የሚመግቡት።

ተረፈችን ማሽኑ ሲወስዳት የነገርኳት እኔ መሆኔን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም ነበር። ትናንት ጻፍኩት። ከሥሩ ያንተንም ጻፍኩ።

ሰብለወርቅ


ሰበታ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ።

መልስህ አልደረሰኝም። ቦሩ ሐሙስ ዕለት ሞተ። እናቱ ሁለቱንም ልጆቿን ጎን ለጎን ቀበረች። በማግስቱ ዘመዶቹ የአባትህን ቤት አቃጠሉት፤ ላሞቹን በረታቸው ውስጥ በመንሽ ወጓቸው። ጥጃውንም አልተዉትም። ገለቴ እኔ ዘንድ ናት። የእኔን ስም አትጠራም፤ አብረን እንበላለን።

ኦቦ ገርባ ሽምግልና በቃኝ ብለዋል።

አንድ ቃል ላክልኝ። ስድብም ቢሆን።

ሰብለወርቅ


ከማረሚያ ቤት
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሰብለወርቅ፤ እግዚአብሔር እንቅልፍ ይስጥዎት።

ወደ ድሮው ቤት መለሱኝ። ወንዳፍራሽ አሁን የስልኩን ወረፋ ይለቅልኛል። «አባቴ፣ ደውል» ይለኛል። የምደውልለት ሰው የለኝም። ያ ሽማግሌ ቁስሉ አመርቅዞ በጥቅምት ሞቷል። ጫማው አልጋው ሥር ነው፤ ስፌቱ አሁንም ይዟል።

መርማሪው ለምን መታኸው አለኝ። ተናድጄ አልኩ። ጻፈው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ዳኛው ፊት ስቀርብም ተናድጄ አልኩ። ማንም አላስደገመኝም፤ ማንም አልሳቀም። የእህቱን ዓይን ያወጣበትን ሰው መታ፤ ለሁሉም ግልጽ ነው። ይኼኛውን ወዲያው አመኑኝ።

ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ሌላ የምነግረው የለም። ስድቡን ችዬ ነበር። ሰባቱም ዱላ ሲያርፍ የሽማግሌውን ጫማ ነበር የምበይደው፤ ከጣት እስከ ተረከዝ። ቦሩ ዱላውን ሲሰጠኝ ግን ጫማው ከእጄ ወደቀ። የሰርጉ ቀን ተመልሶ መጣ። ሶያማ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ሰማዩን አየሁ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ የተናገሩት። ቃሉን ሰማሁ፤ ደስታው ግን ገና አልወጣም ነበር፤ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። ክንዴ ተነሳ። ያዩኝ ሰዎች ስመታው ፈገግ እያልኩ ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ንዴቱ የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ዱላ የንዴት ነው። የገደለው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀም።

ሐምሌ ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ አዝኜ እቀመጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም፤ ስለሆነ ነው። ደብተርዎ ላይ ትክክለኛው እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ለገለቴ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ቡራዩ ያለው የብየዳ መነጽሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ትውሰደው። አንድ ዓይን ያለውን ሰው ነፋስ ይጎዳዋል።

አንድ ቃል ላክልኝ፣ ስድብም ቢሆን ብለውኛል። ስድብ የለኝም። እኔ ሶያማን የገደልኩ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር ስል ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያመኑኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን ተራው የእኔ ነው። እርስዎ ክፉ አላሰቡም፤ ቃልዎንም ሊያፈርሱ አልፈለጉም። ደስ ብሎዎት ነበር።

አምንዎታለሁ።

ዲሪርሳ